ዩዋን ፕላስ ወይስ አይዲ ፎር? መልሱ ቆጣሪው ጋ ነው

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት በመከልከሉ፣ አዲስ መኪና ለመግዛት የተነሣ የአዲስ አበባ ሰው የሚጠይቀው «የትኛው ኤሌክትሪክ ይሻላል?» ብሎ ነው። ከፍ ያለ መኪና የሚፈልገው ደግሞ ብዙ ሳይዞር ሁለት ስሞች ላይ ይደርሳል፤ የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስና የቮልስዋገን አይዲ ፎር። እዚህ ከተማ የሚሸጡት በአብዛኛው ለቻይና ገበያ ተሠርተው በነጋዴዎች በኩል የገቡ ናቸው፤ ይህ ኋላ ላይ ብዙ ነገር ይወስናል።

ሻጭ አፉን የሚፈታው በኪሎሜትር ነው። «ይኼ 510 ይሄዳል፣ ያኛው 550።» ሁለቱም ቁጥሮች ከፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ሚዛን አልተለኩም። የዩዋን ፕላስ 510 የተገኘው ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ ነው። አይዲ ፎር በ2021 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ሲወጣ የተጻፈለት 550 ደግሞ ኤንኢዲሲ በተባለው አሮጌ መለኪያ ነው። ይኸው ዩዋን ፕላስ «አቶ 3» ተብሎ አውሮፓ ሲገባ፣ ጠበቅ ባለው ደብሊውኤልቲፒ በተባለው የአውሮፓ መለኪያ 420 ብቻ ተጽፎለታል። ስለዚህ ኪሎሜትሩን ለሻጩ ትቶ ባትሪውን መመርመር ነው የሚያዋጣው።

የዩዋን ፕላስ ትልቁ ባትሪ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት (የቤት ቆጣሪ ኤሌክትሪክ የሚቆጥርበት መለኪያ) ይይዛል፤ 49.92 የሆነ አነስተኛም አለው። የአይዲ ፎር ትልቁ 84.8 ገደማ ሲሆን ትንሹ ከ55 እስከ 57 ነው። ትንሹና ትልቁ ባትሪ የተገጠመላቸው መኪኖች ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸውና፣ በር ከፍቶ የፋብሪካውን የመረጃ ሰሌዳ ሳያነቡና ከሰነዱ ጋር ሳያመሳክሩ ቀብድ መስጠት አይገባም። ከዚህ በታች የምናወዳድረው ትልልቆቹን ነው።

በቁጥር ካየነው የአይዲ ፎር ባትሪ በ40 በመቶ ይበልጣል። ልዩነቱን የሚያጠበው የባትሪዎቹ ዓይነት ነው። ዩዋን ፕላስ የያዘው ኤልኤፍፒ ማለትም የብረት ፎስፌት ባትሪ ነው። እስከ 100 መሞላት ብዙም አይጎዳውም፤ እንዲያውም ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሙሉ ለሙሉ መሞላት አለበት። የኤልኤፍፒ ቮልቴጅ ከ20 እስከ 90 በመቶ ባለው ርቀት ላይ እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ የመኪናው ኮምፒውተር የቀረውን መጠን በትክክል ማወቅ የሚችለው ባትሪው ጫፍ ሲደርስ ነው። ለወራት 60 እና 70 ላይ እያቋረጠ የሚሞላ ሰው አንድ ቀን 18 በመቶ እያሳየው ድንገት ወደ 6 ሲወርድበት «ባትሪው ሞተ» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሳተው መለኪያው ነው። አይዲ ፎር ላይ ያለው ኒኬል፣ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያለበት ኤንሲኤም ነው። በተመሳሳይ ክብደት ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ነገር ግን በየቀኑ 100 ላይ ማቆየት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ለዕለት ሥራ 80 ላይ ማቆም፣ 100 መሙላቱን ደግሞ ለረጅም ጉዞ ዋዜማ መተው ነው ደንቡ።

እንግዲህ በዚህ ደንብ እናስላው። ሁለቱም ነጂዎች ባትሪው 20 በመቶ ሲደርስ ይሰካሉ እንበል። ዩዋን ፕላስ ከ20 እስከ 100 ሲሞላ 48 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያገኛል። አይዲ ፎር ከ20 እስከ 80 ሲሞላ፣ ከ84.8ቱ ውስጥ ፋብሪካው ለጥበቃ የሚያስቀረው ሲቀነስ፣ የሚያገኘው ከ47 እስከ 50 ነው። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ አይዲ ፎር ከ2.1 ቶን በላይ ሲመዝን ዩዋን ፕላስ 1.7 ቶን ገደማ ስለሆነ፣ የከተማ ፍጆታውም ከፍ ይላል። በመቶ ኪሎሜትር ለዩዋን ፕላስ ከ15 እስከ 17፣ ለአይዲ ፎር ከ17 እስከ 19 ኪሎዋት ሰዓት ብሎ ማስላት ተገቢ ነው። ቤቱ ሶኬት ላለው ሰው ትልቁ ባትሪ በአዘቦት ቀን የሚጨምርለት ነገር የለም ማለት ነው። ገንዘቡን የሚመልሰው ከከተማ ሲወጡ ነው።

ቤት ውስጥ መሰኪያ የሌለው ሰው ሒሳቡ ይገለበጥበታል። በፈጣን ጣቢያ ብቻ የሚሞላ ሰው የትኛውንም መኪና 80 ላይ ነቅሎ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ከ80 በላይ መኪናው ራሱ የሚቀበለውን ኃይል እየቀነሰ ስለሚሄድ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ብዙ ደቂቃ ትበላለች፤ ከኋላ የተሰለፈውም ጡሩንባ ይነፋል። እዚህ ላይ ዩዋን ፕላስ ከ20 እስከ 80 የሚያገኘው 36 ብቻ ነው፤ አይዲ ፎር ያንኑ 47 እና ከዚያ በላይ ይዞ ይወጣል። በቀን 40 ኪሎሜትር ለሚነዳ ሰው ይህ አምስት ቀን ተኩል ገደማ እና ስድስት ቀን ተኩል ገደማ ማለት ነው። ኤልኤፍፒው ደግሞ በሳምንት አንዴ 100 መንካት ስላለበት ያችን ረጅም ሰዓት ጣቢያ ላይ መክፈሉ አይቀርም። ኢትዮ ቴሌኮም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ፈጣን ጣቢያዎችን ከፍቶ በቴሌብር እያስከፈለ ነው፤ ሌሎችም አሉ። ይሁን እንጂ ጣቢያው ከቤትዎ ወይም ከሥራዎ በእግር የሚደረስ ካልሆነ ሰልፉን ጨምረው ያስሉት። መሰኪያውንም ይመልከቱ፤ ለቻይና የተሠሩት ሁለቱም መኪኖች የሚቀበሉት ጂቢቲ የሚባለውን ነው፣ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 አይገባባቸውም።

ስለዚህ ከመኪናው በፊት የሚመረመረው ቤት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው፤ በአዲስ አበባ ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር የተያያዘው አብዛኛው ችግር ከመኪናው ሳይሆን ከግድግዳው ይነሣል።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 8፣ 10 ወይም 16 አምፔር ነው። በ220 ቮልት 10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ብክነቱ ሲቀነስ ባትሪው ውስጥ የሚገባው 1.9 ገደማ ነው። ማታ ከ3 ሰዓት እስከ ንጋት 1 ሰዓት ብቻ ቢሰካ 19 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ከ100 ኪሎሜትር በላይ ይሞላል። ከፒያሳ ቦሌ፣ ከቦሌ ሜክሲኮ ሲል የሚውል ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። «ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ካላስገጠምክ» የሚለው ምክር ለአብዛኛው ቤት ትርፍ ወጪ ነው፤ 32 አምፔር ብቻውን የሚጎትት ዕቃ ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ላይ መጫንም ቀላል አይደለም።

ከባዱ ነገር ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ይህ 16 አምፔር ነው። መኪናው 10 ሲጨምርበት 26 ይሆናል፤ የውሃ ማሞቂያው ሲበራ 32 አምፔር ያለው ዋና ብሬከር ይወርዳል። ብሬከሩ ከወረደ ደህና ነው፤ የሚያስፈራው በወፍራም ሽቦ ተጠቅልሎ እንዳይወርድ የተደረገው ነው። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀንና ሰዓት ከመኪናው ሰዓት መለየት ግድ ነው። ሁለቱም መኪኖች የመሙያ ሰዓት መቅጠሪያ አላቸው፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቢያስጀምሩት ቮልቴጁም ያን ጊዜ ይሻላል። ምሽት ላይ መስመሩ ሲጨናነቅ ቮልቴጁ 180 ድረስ ከወረደ ብዙ ቻርጀሮች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ገዢው ግን መኪናው የተበላሸ ይመስለዋል።

ቀጥሎ የመሬት ሽቦ ነው። ቻርጀሩ ሲሰካ በመጀመሪያ የሚፈትሸው ይህን ነው፤ ካላገኘ ቀይ ያበራና እምቢ ይላል። ብዙ የከተማችን ቤቶች ባለ ሦስት ቀዳዳ የሚመስል ሶኬት ይኑራቸው እንጂ ከጀርባው መሬት የገባ ነገር የለም። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያኖች ሶኬቱ ውስጥ የመሬቱን ጫፍ ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር አገናኝተው «ሠራ!» ይላሉ። ቻርጀሩ በእርግጥ ይታለላል። ነገር ግን አንድ ቀን ኒውትራሉ ምሰሶው ላይ ቢበጠስ የመኪናው አካል ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ በዝናብ ቆሞ በሩን የሚነካውን ሰው ይመታል። ትክክለኛው ሥራ አንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር የሆነ መዳብ ለበስ ዘንግ ርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ቀብሮ፣ ለመኪናው የተለየ መስመር በ4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ ከብሬከር ማምጣትና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር መግጠም ነው። ሶኬቱ ራሱ ጥሩ ጥራት ያለው ይሁን፤ ርካሹ 16 አምፔር የተጻፈበት ሶኬት ለሻይ ማፍያ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ለአሥር ሰዓት ግን ይቀልጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ከተሰካ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅ መዳሰስ ነው፤ ካቃጠለ ማቆም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት የሚወርደው ማራዘሚያ የተለመደ ሆኗል። ለምን እንደሚያሰጋ በቁጥር እንየው። 1.5 ካሬ የሆነ 50 ሜትር ማራዘሚያ ሄዶ መልሱ 100 ሜትር መዳብ ነው፤ ተቃውሞው 1.2 ኦም ገደማ ይሆናል። በ10 አምፔር 12 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ 120 ዋት ወደ ሙቀትነት ይለወጣል። ገመዱ ከተዘረጋ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። ትርፉ በጥቅልሉ ላይ እንደተጠመጠመ ከቀረ ግን ሙቀቱ አንድ ቦታ ይጠራቀምና ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል። ግድ ከሆነ 4 ካሬ ገመድ፣ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ፣ 8 አምፔር ላይ የተቀመጠ ቻርጀር። ከሁሉም የሚሻለው ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮና ኮሚቴውን አስፈቅዶ ከራስ ቆጣሪ እስከ ማቆሚያው ቋሚ መስመር መዘርጋት ነው፤ ወጪው ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

የወር ፍጆታውም ይታሰብ። በወር 1,000 ኪሎሜትር የሚነዳ ዩዋን ፕላስ ከነብክነቱ 180 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይጨምራል፣ አይዲ ፎር ደግሞ ወደ 200። የቤት ታሪፍ በእርከን ስለሆነና ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ ስለሚሄድ፣ መኪናው ቤቱን ወደ ላይኛው እርከን እንደሚያስገባው ከወዲሁ ማወቅ ጥሩ ነው። ከነዳጁ ጋር ሲተያይ ግን አሁንም ቅናሽ ነው።

ከፍታው ለኤሌክትሪክ መኪና ወዳጅ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ የቤንዚን ሞተር አየር ያጥረዋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ከዚህም በላይ አየሩ ከባሕር ጠለል 20 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ በፍጥነት መንገድ ላይ መኪናውን የሚገፋው የነፋስ ተቃውሞ ይቀንሳል። የአውሮፓ ገዢዎች ኤልኤፍፒን የሚያሙበት የክረምት ብርድም እዚህ የለም። አቀበቱ ግን በክብደት ያስከፍላል። ከሽሮ ሜዳ አካባቢ ወደ እንጦጦ ለመውጣት፣ 600 ሜትር ከፍታ እንበልና፣ ሰው የጫነ አይዲ ፎር 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል፣ ዩዋን ፕላስ 3.5 ያህል ተጨማሪ ያወጣሉ። ሲወርዱ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ከግማሽ በላዩ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ከከፍታ ሰፈር ጠዋት 100 ሞልቶ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ግን ማስተዋል አለበት፤ ሙሉ ባትሪ መልሶ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ አይይዝም፣ ፍሬኑ ብቻውን ይሠራል። ትናንት እግር ሲነሣ ያዝ ያደርግ የነበረው መኪና ዛሬ መንሸራተቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከከተማ ሲወጡ አይዲ ፎር ብልጫውን ያሳያል። አዳማ ደርሶ መልስ 200 ኪሎሜትር ነው፤ በፍጥነት መንገዱ በ100 ቢነዱ ሁለቱም ሳይሞሉ ይመለሳሉ፣ መልሱ አቀበት ስለሆነ ሲሄዱ ከ55 በመቶ በታች አለመውረድ ብቻ። ሐዋሳ 275 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ዩዋን ፕላስ በመቶ 18 ቢበላ 50 ያህል ጨርሶ 15 እና 20 በመቶ ይዞ ይደርሳል፤ ይደርሳል፣ ግን ዓይን መለኪያው ላይ ተተክሎ ነው። አይዲ ፎር ሩብ ያህል ይተርፈዋል። በወር አንዴም ሁለቴም ሐዋሳ ወይም ደሴ መንገድ ላይ ያለ ሰው ከዚህ በላይ ምክንያት አያስፈልገውም። በዓመት ሁለት ጊዜ ለበዓል የሚወጣ ግን ለእነዚያ ሁለት ቀናት ሲል ዓመቱን ሙሉ 400 ኪሎ ተጨማሪ ማንከባለል የለበትም።

መንገድ ላይ አይዲ ፎር የኋላ ጎማ ገፊ፣ ዩዋን ፕላስ የፊት ጎማ ጎታች ናቸው። ፕራይም የሚባለው አይዲ ፎር ባለ ሁለት ሞተር ስለሆነ በአራቱም ይገፋል። ሁለቱም 310 ኒውተን ሜትር ጉልበት ስላላቸው ክረምት ላይ በረጠበ ኮብልስቶን አቀበት ዩዋን ፕላስ የፊት ጎማውን በባዶ ያሽከረክራል፤ ክብደት ወደ ኋላ ሲሄድ የፊቱ ጎማ ይቀልበታልና። አይዲ ፎር በ10.2 ሜትር ክብ ይዞራል፣ ዩዋን ፕላስ በ10.7፤ የጠበበ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ትልቁ መኪና በቀላሉ ይታጠፋል፣ ብዙዎች የማይጠብቁት ነው። ከኋላ ለሚቀመጥ ቤተሰብና ለዕቃም አይዲ ፎር ሰፊ ነው።

ጎማው ላይ ዩዋን ፕላስ ይረታል። አራቱም አንድ ልክ ናቸው፣ 18 ቁጥር ላይ 215/55። የአይዲ ፎር 19 እና 20 ቁጥር ቸርኬ ያለው ፊቱ 235፣ ኋላው 255 ነው። ስለዚህ ፊትና ኋላ ማቀያየር አይቻልም፣ አንድ ስኮርታ ለሁለቱም አይሆንም፣ አንድ ጎማ ከተቀደደ ያንኑ ልክ ፍለጋ ሶማሌ ተራን መዞር አለ። ሁለቱም ከፋብሪካ ስኮርታ ሳይኖራቸው የሚመጡ መሆናቸውን አይርሱ፤ ክሪክም ላይኖር ይችላል።

ጎሚስታ ጋ ሲሄዱ ከመኪናው ይውረዱ። ልጁ እንደ ልማዱ ክሪኩን ወደ ውስጥ ገፍቶ ወለሉን ሊያነሣ ይሞክራል። እዚያ ያለው ሻንሲ አይደለም፣ የባትሪው ሣጥን ነው። ከየጎማው አጠገብ፣ ከበሩ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ለክሪክ የተሠራው ቦታ በምልክት አለ፤ ጎማ ቁራጭ ጣል አድርጎ በዚያ ብቻ ማንሣት ነው። የተጎረበጠ የባትሪ ሣጥን በኋላ መኪናውን ሲሸጡት ጥሩ ገዢ ተንበርክኮ መጀመሪያ የሚያየው ነው። ከመሬት ያላቸው ከፍታ ባዶውን 175 ሚሊሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ አምስት ሰው ጭኖ ከፍ ያለ የፍጥነት መቀነሻ ላይ በሰያፍ ማለፍ ይበጃል።

ጋራዥ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀን እንናገር፤ የአየር ማቀዝቀዣ ጋዝ። ዩዋን ፕላስ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው በዚያው በኤሲው ጋዝ ስለሆነ፣ ጋዝ ማፍሰሱ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና ኮምፕረሰር ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፒኦኢ የተባለ ዘይት ይፈልጋል፤ ለቤንዚን መኪና የለመደ ባለሙያ በዚያው ማሽን ፒኤጂ ዘይት ካስገባበት የከፍተኛ ቮልቴጅ መከላከያው ይበላሽና መኪናው አልነሣም ይላል። ዘይቱን ሳይጠይቁ «ጋዝ ሙላልኝ» ማለት አይገባም። አይዲ ፎር ባትሪውን በፈሳሽ ያቀዘቅዛል፤ እሱ ላይ የቧንቧ ውሃ መጨመር ነው ክልክሉ።

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ዩዋን ፕላስ ያለው ሌላ ብልጫ ከባትሪው ኤሌክትሪክ ማውጣት መቻሉ ነው፤ በልዩ ገመድ እስከ 3 ኪሎዋት ገደማ። ፍሪጅ፣ ዋይፋይ፣ መብራትና ቴሌቪዥን ሌሊቱን ሙሉ ያሠራል፤ ምጣድ አይችልም። ቀደም ያሉት አይዲ ፎሮች ይህ የላቸውም። ገመዱን ወደ ቤቱ ሶኬት መልሶ መሰካት ግን መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል፤ ዕቃዎቹን በቀጥታ ከገመዱ ጋር ብቻ ያገናኙ።

የቀረው ወረቀቱ ነው። «ዜሮ ነው» የተባለ መኪና የኪሎሜትር ቆጣሪው ዜሮ ቢሆንም የተመረተበት ዓመት ሊርቅ ይችላል። በሻንሲ ቁጥሩ ላይ አሥረኛውን ምልክት ይቁጠሩ፤ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። አይዲ ፎር ከሆነ የመጀመሪያዎቹንም ሦስት ፊደላት ይዩ። ቻይና ውስጥ አይዲ ፎርን የሚሠሩት ሁለት የቮልስዋገን ሸሪኮች ናቸው፤ ኤል-ኤፍ-ቪ ክሮዝ የሚባለውን የሠራው ፋው ነው፣ ኤል-ኤስ-ቪ ደግሞ ኤክስ የሚባለውን የሠራው ሳይክ። ሁለቱ የፊት ፓራውልታቸው አንድ ስላልሆነ፣ ግጭት ቢደርስ የአንዱ ለሌላው አይገባም። ረጅም ጊዜ ጅቡቲ ሙቀት ላይ ሙሉ ባትሪ ይዞ የቆመ ኤንሲኤም ሳይነዳም ያረጃልና፣ አሮጌ ምርት የሆነ አይዲ ፎር ሲገኝ የባትሪውን ጤና በኮምፒውተር አስነብቦ ውጤቱን ከውሉ ጋር ማያያዝ ነው። የቻይና ፋብሪካ ዋስትና መኪናውን ተከትሎ አዲስ አበባ አይመጣም፤ «ስምንት ዓመት ዋስትና አለው» የሚልዎትን ሻጭ የባትሪውን፣ የሞተሩንና የቻርጀሩን ስም ዘርዝሮ፣ የሚጠግነውን ጋራዥ ጽፎ በማኅተም እንዲሰጥዎ ይጠይቁት። ስክሪኑንም ከመክፈልዎ በፊት ያስከፍቱ፤ ዋናው ስክሪን ወደ እንግሊዝኛ ተቀይሮ ከመሪው ፊት ያለው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ በቻይንኛ የቀረ መኪና ብዙ አለ፤ የፍሬን ችግር ሲመጣ የሚነግርዎ ደግሞ ያኛው ነው።